የሞተርን እስትንፋስ የመረመረ ሰው
የሩዶልፍ ዲዝል የሕይወት ታሪክ

ስማቸው ዘወትር በሰው አፍ ሲጠራ እየዋለ ታሪካቸው ግን ከማይታወቅላቸው ሰዎች አንዱ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ ባለ ወፍጮውም ዲዝል ሲሉ የሞተር ወይም የነዳጅ ስም የሚጠሩ ይመስላቸዋል እንጂ፣ በችግር ያደገ፣ በትምህርት የበረታ፣ በዓለም የተከበረ፣ ፍጻሜው ግን እጅግ የሚያሳዝን አንድ ሰው እንደ ነበረ የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ሁለተኛም ምክንያት አለን። የጭነት መኪናውን ጉልበት ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ናፍጣ መጨመርን ነው። የዲዝል ሥራ ግን የሚያስተምረን ሌላ ነው። ሞተር እንደ ሰው መተንፈስ አለበት፤ በቂ አየር ያላገኘ ሞተር የቱንም ያህል ናፍጣ ቢጠጣ ጭስ እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ይህንንም ነገር ከሕይወቱ ታሪክ ጋር እያያዝን እንገልጻለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና የልጅነት ዘመኑ

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ግን የጀርመን አገር ሰዎች ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር ዲዝል ከአውግስቡርግ ከተማ የመጣ መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ሲሆን፣ እናቱ ኤሊዘ የኑረምበርግ ተወላጅ ነበረች። ቤተ ሰቡ ሀብት አልነበረውም። ልጁም አባቱ የሠራውን የቆዳ ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ በፓሪስ መንገዶች ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ጊዜ ባገኘ ቁጥር ደግሞ የመሣሪያዎች ቤተ መዘክር ወደ ሆነው ወደ ታወቀው የፓሪስ የጥበብና የሙያ ቤት ይሄድ ነበር። በዚያ ቤት ኩኞ የተባለው ፈረንሳዊ መኰንን ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ ቆሞ ይታይ ነበር። ልጁ በእነዚህ መሣሪያዎች ፊት እየቆመ ሥዕላቸውን በወረቀት ያነሣ ነበር።

በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ ተደረገ። የዲዝል ቤተ ሰብም ወደ ሎንዶን ተሰደደ። በዚያም ኑሮ ስለ ከበዳቸው ወላጆቹ የ12 ዓመቱን ልጅ ብቻውን ወደ አውግስቡርግ ወደ ዘመዶቹ ሰደዱት። እዚያ የተቀበለው ክሪስቶፍ ባርኒከል የሒሳብ መምህር ነበርና ልጁን እንደ ልጁ አድርጎ አሳደገው፤ አስተማረውም። ሩዶልፍ በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቍረጡን ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ። በ1873 ዓ.ም. ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ወጣ፤ በ1875 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በሙኒክ ወደሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ።

ያልረሳው ትምህርት

በሙኒክ ያስተማረው ካርል ፎን ሊንደ ነው። ይህ ሰው ማቀዝቀዣ መኪናን ለኢንዱስትሪ በሚያገለግል መልክ በመሥራቱ ዛሬም ስሙ የታወቀ ነው። በ1878 ዓ.ም. ሊንደ ስለ ሙቀት ባስተማረበት ሰዓት፣ የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ ስድስት እስከ ዐሥር እጅ ብቻ መሆኑን ለተማሪዎቹ ገለጸ። ይህም ማለት ከዐሥር ጆንያ ከሰል ዘጠኙ በከንቱ ይባክናል ማለት ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ይህን ለፈተና ጻፉት፤ ዲዝል ግን የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው። ይህን ብክነት የሚያስቀር ሞተር ለመሥራት በልቡ ወሰነ።

በ1879 ዓ.ም. የፈተናው ጊዜ ሲደርስ በተስቦ ትኵሳት ታመመና ሳይፈተን ቀረ። ጊዜውን ግን በከንቱ አላሳለፈም፤ ስዊስ አገር በቪንተርቱር ከተማ ወደሚገኘው የሱልጸር ፋብሪካ ሄዶ በእጁ እየሠራ ተማረ። በጃንዋሪ 1880 ዓ.ም. ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ። ከዚያም የመምህሩ የሊንደ ረዳት ሆኖ ወደ ፓሪስ ተመለሰና በበረዶ ፋብሪካ ሥራ ተሰማራ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የሥራው መሪ ሆነ። በ1883 ዓ.ም. ማርታ ፍላሸን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በእነዚህ ዓመታት በአሞኒያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለማውጣት ብዙ ደከመ፤ ነገር ግን አልተሳካለትም። በ1890 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተዛወረ። በዚህ ጊዜ ሐሳቡ ከአሞኒያ ወጥቶ በሁሉ ስፍራ በነጻ ወደሚገኘው ነገር ዞረ፤ ይኸውም አየር ነው።

ሐሳቡ ምን ነበረ?

የብስክሌት ጎማ በፖምፓ የነፋ ሰው ሁሉ ፖምፓው እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር በኀይል ሲጨመቅ ይግላል። ዲዝል ያሰበው ይህንን ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየሩና ቤንዚኑ አስቀድመው ተቀላቅለው ይገቡና በካንዴላ ብልጭታ ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ በብዙ መጭመቅ አይቻልም፤ ያለ ጊዜው ይነድዳልና። ዲዝል ግን ወደ ሲሊንደሩ አየር ብቻ እንዲገባ፣ ያም አየር ነዳጅን ለማቀጣጠል እስኪበቃ ድረስ እንዲጨመቅና እንዲግል፣ ነዳጁም በመጨረሻው ሰዓት እንዲረጭበት አሰበ። እንግዲህ ካንዴላ አያስፈልግም፤ እሳቱ አየሩ ራሱ ነው።

በዚህ ምክንያት የዲዝል ሞተር የአየር መግቢያ ቧንቧ ካርቡራቶር ካለው የቤንዚን ሞተር ቧንቧ ልዩ ነው። በዚያኛው ውስጥ አየርና ቤንዚን አብረው ያልፋሉ፤ በዚህኛው ውስጥ ግን የሚያልፈው ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ቧንቧው ከተጣበበ ወይም ከተደፈነ ሞተሩ የሚያጣው የሚቃጠልበትንም የሚግልበትንም ነገር ነው።

ዲዝል በፌብሩዋሪ 1892 ዓ.ም. ለፈጠራው ፓተንት ጠየቀ፤ በዓመቱም ተፈቀደለት። በ1893 ዓ.ም. ሐሳቡን የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ያሰበው አየሩን እስከ 250 እጥፍ ወደሚደርስ ግፊት ለመጭመቅ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ይህ ከቶ የማይሆን ነገር ነው ብለው ነቀፉት። ነገር ግን በአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካ መሪ የነበረው ሃይንሪኽ ቡጽ ቦታና ሠራተኛ ሊሰጠው ተስማማ፤ የክሩፕ ኩባንያም በዓመት 30,000 ማርክ ሊከፍለው ተዋዋለ።

አራቱ የሙከራ ዓመታት

ኦገስት 10 ቀን 1893 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሞተር በሙከራ ላይ ነዳጅ በተረጨበት ጊዜ በውስጡ የተነሣው ግፊት ከ80 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ተበተነ። በሰው ላይ አደጋ አልደረሰም። ያ ሞተር በራሱ ኀይል ባይዞርም አንድ ነገር አስረዳ፤ አየር ሲጨመቅ ነዳጅን ያለ ብልጭታ ያቀጣጥላል።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ሒሳብ ከብረቱ ጋር አልተስማማም። በታሰበው ታላቅ ግፊት ሞተሩ አየሩን ለመጭመቅና ለሰበቃ የሚያወጣው ጉልበት፣ ከትንሹ ነዳጅ የሚያገኘውን ጉልበት ሁሉ ሊበላበት ሆነ። በዚህ ጊዜ ዲዝል ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ መጽሐፉን አምኖ መቅረት፣ ወይ ብረቱ የሚለውን መስማት። ብረቱን ሰማ። ግፊቱን ወደ ሠላሳና አርባ እጥፍ መካከል አወረደው፤ ነዳጁን ጨመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ለተለወጠው አሠራር ሌላ ፓተንት ጠየቀ። በኋላ ተከራካሪዎቹ፣ የሠራው ሞተር በመጽሐፉ የጻፈው አይደለም እያሉ ሲከሱት ኖሩ። እኛ ግን ይህን እንደ ነውር አንቈጥረውም፤ የማይሆነውን ትቶ የሚሆነውን መያዝ የመሐንዲስ ክብር ነውና።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ዓ.ም. የተሻሻለው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኀይል ዞረ። የዞረው 88 ጊዜ ብቻ ነው፤ የፈጀውም አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያች አንድ ደቂቃ ተነሥቶ ሊሸጥ የሚገባው ሞተር እስኪሆን ድረስ ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው በእውነት ለዚህ ሥራ ይስማማል።

ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ ስለ አየር መግቢያው ነው። ዲዝል በሦስተኛው ሞተር ላይ ብዙ አየር ለማስገባት አስቦ፣ የፒስተኑ የታችኛው ገጽ እንደ ፖምፓ አየር እየገፋ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ዕቃ እንዲያስገባ፣ ሲሊንደሩም ከዚያ ዕቃ እንዲተነፍስ አደረገ። በእርግጥም አየር ሲበዛ ጉልበቱ ጨመረ። ነገር ግን ነዳጁ ሲመዘን ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት የሚቃጠለው ናፍጣ በዝቶ ተገኘ፤ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ሥራ የሚወሰደው ከራሱ ከሞተሩ ስለ ነበረ ነው። የዲዝል ዓላማ ብክነትን ማስቀረት እንጂ ጉልበትን ብቻ ማብዛት አልነበረምና ያን ሁሉ የደከመበትን ዕቃ አስነሥቶ ሞተሩ አየሩን በቀጥታ እንዲስብ አደረገ።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሞሪጽ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መዘኑት። ቁመቱ 3 ሜትር ያህል የሆነው ይህ ሞተር በደቂቃ 154 ጊዜ እየዞረ 17.8 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ከነዳጁም ሙቀት ከመቶ 26.2 እጅ ወደ ሥራ ለወጠ። ተማሪው ዲዝል ከ19 ዓመት በፊት ከሰማው ከእንፋሎት ሞተር ጋር ስናስተያየው ትርፉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን እናያለን። ያ ሞተር ዛሬም በሙኒክ በጀርመን ቤተ መዘክር ይታያል።

ክብርና መከራ

ከዚህ በኋላ ሀብትና ክብር እንደ ጐርፍ መጣለት። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው ባለጠጋ ለአሜሪካ አገር ያለውን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በ1898 ዓ.ም. የተቋቋመው ጠቅላላ የዲዝል ሞተር ማኅበር ደግሞ የፓተንቱን መብት በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ወሰደ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ሞተሩ ታላቁን ሽልማት አገኘ። በዚሁ ኤግዚቢሽን አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታየ። በ1903 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ ላይ ቫንዳል የተባለው የነዳጅ መርከብ፣ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ሴላንዲያ የተባለው የዴንማርክ የባሕር መርከብ በዲዝል ሞተር ሄዱ።

ነገር ግን ብረቱን የሰማ ሰው በገንዘብ ነገር ማንንም የሰማ አይመስልም። ከሥራ ብዛት የተነሣ በ1898 ዓ.ም. ታምሞ በማገገሚያ ቤት ተኛ። በሙኒክ እጅግ ታላቅ ቤት ሠራ፤ በመሬት ግዢና በአክሲዮን ብዙ ገንዘብ አጠፋ። የፓተንት ክርክርም ዕረፍት ነሣው። በ1903 ዓ.ም. ሠራተኞች በመተባበር የራሳቸውን ፋብሪካ ስለሚያቋቁሙበት መንገድ መጽሐፍ ጻፈ፤ አንባቢ ግን አላገኘም።

ያልተሳካለት ሌላም ነገር ነበረ። ሞተሩ ናፍጣ የሚረጨው በታላቅ ግፊት በተጨመቀ አየር ስለ ነበረ ከባድ የአየር መጭመቂያ ይፈልግ ነበር። ይህ ለፋብሪካና ለመርከብ አይከብድም፤ ለጭነት መኪና ግን ይከብዳል። ዲዝል በ1908 ዓ.ም. ሳፊር ከተባለ የስዊስ ኩባንያ ጋር ሆኖ ለጭነት መኪና የሚሆን ትንሽ ሞተር ቢሞክርም ውጤት አላገኘበትም።

ፍጻሜው

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ዲዝል ለሥራ ስብሰባ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ ከአንትወርፕ ወደብ ድሬስደን በተባለው መርከብ ተሳፈረ። ከባልንጀሮቹ ጋር እራት በልቶ፣ ማለዳ እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። በነጋ ጊዜ በክፍሉ አልተገኘም፤ አልጋውም አልተተኛበትም ነበር። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ የኋላ አጥር አጠገብ ተቀምጠው ተገኙ። ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ አንድ የሆላንድ መርከብ በባሕር ላይ ሬሳ አገኘ፤ ከኪሱ የወጡትን ዕቃዎች ልጁ ኦይገን የአባቴ ናቸው ብሎ ለያቸው። አንዳንዶች ተገደለ አሉ፤ ብዙዎች ግን ዕዳው ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት ራሱን ወደ ባሕር ጣለ ብለው ያምናሉ። ቤተ ሰቡ የሒሳቡን መዝገብ በመረመረ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የቀረ ምንም አልነበረም። ዕድሜው 55 ዓመት ነበረ።

ከሱ በኋላ የአየሩ ነገር

ዲዝል ሊያየው የተመኘው የጭነት መኪና ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ ተገኘ። በ1923 እና በ1924 ዓ.ም. የቤንዝና የማን ፋብሪካዎች ከባድ የአየር መጭመቂያ የማያስፈልገው የጭነት መኪና ሞተር አወጡ፤ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮም የቦሽ ፋብሪካ የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ይሠራ ጀመር።

እሱ ሞክሮ የተወውን አየር የማብዛት ሥራ ደግሞ የፈጸመው አልፍሬድ ቡሺ ነው። ቡሺ የተወለደው ዲዝል በሱልጸር ፋብሪካ በሠራበት በ1879 ዓ.ም.፣ በዚያችው በቪንተርቱር ከተማ ነው። በ1905 ዓ.ም. ባወጣው ፓተንት፣ አየሩን የሚገፋው ፖምፓ ጉልበቱን ከፒስተኑ ሳይሆን ከሚጣለው ጭስ እንዲያገኝ አደረገ። ይህ ዛሬ ተርቦ የምንለው ነው። ዲዝልን ያቆመው ችግር በዚህ ተፈታ፤ አየሩን የሚገፋው በነጻ የሚባክን ኀይል ሆነ። በ1926 ዓ.ም. በሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አሉ። በ1938 ዓ.ም. የስዊሱ ሳውረር፣ በ1954 ዓ.ም. የስዊድኑ ቮልቮ ይህን በጭነት መኪና ላይ አዋሉት።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ጣልያን በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ካመጣቸው መኪናዎች መካከል ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ያለው ፊያት 634 ባለ ናፍጣ ሞተር ነበረ፤ ተርቦ ግን አልነበረውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየርዋ በባሕር ዳር ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ተርቦ የሌለው መኪና፣ ዳገቱ በከበደ መጠን እስትንፋሱ እያጠረ ይሄዳል። ጥቁር ጭስ የሚያወጣውም ናፍጣው ስለ በዛና አየሩ ስላነሰ ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው የናፍጣውን ፖምፓ ያስከፍታል። ይህ ጭሱን ያበዛል፤ ሞተሩን ያግላል፤ ፒስተኑንም እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ከአየሩ መንገድ ነው። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ይሁን። አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ቧንቧ ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ቀዳዳዎቹ እኩል ይግጠሙ፤ ጓርኒሲዮኑም ወደ ውስጥ ወጥቶ እንደ ደፍ አያደናቅፍ። በብረቱ ውስጥ ሲቀለጥ የቀረ ጉብታ ቢኖር በጥንቃቄ ይሞረድ፤ ፍርፋሪውም ፈጽሞ ይጠረግ። በድንገት የታጠፈ ቧንቧ አየሩን ስለሚያውከው መታጠፊያው የለዘበ ይሁን፤ ለአንዱ ሲሊንደር በዝቶ ለሌላው እንዳያንስም ይታሰብ። ከፊልትሮው በኋላ ቀዳዳ አይገኝ፤ በዚያ የሚገባ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋልና። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው ናፍጣው ለአየሩ በሚስማማ ልክ የሚስተካከለው። ከዚያም እንደ ዲዝል መመዘን ያስፈልጋል፤ ጉልበት ጨምሮ ናፍጣው ከዚያ በላይ ከጨመረ ሥራው አልተሳካም።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ መጽሐፍና እጅ ሊለያዩ አይገባም። ዲዝል የሊንደን ትምህርት ባይሰማ ኖሮ የሚፈልገውን ባላወቀ ነበር፤ በሱልጸር ፋብሪካ እጁን ባያቆሽሽ ኖሮ ደግሞ ብረት የሚናገረውን ባልሰማ ነበር። ዘይት የነካውን የመካኒክ ልብስ የሚንቅ ተማሪ ከዚህ ታሪክ ይማር፤ ሒሳብ ለጋራዥ ምን ያደርጋል የሚል መካኒክም እንዲሁ።

ሁለተኛው፣ ዲዝል በሞተሩ ላይ ያደረገውን በኑሮው ላይ አለማድረጉ ነው። በፋብሪካው ውስጥ የገባውንና የወጣውን በግራም እየመዘነ፣ የማይጠቅመውን ዕቃ የደከመበትም ቢሆን ያስነሣ ነበር። በቤቱ ሒሳብ ግን የሚገባውና የሚወጣው ሳይመዛዘን ዓመታት አለፉ። ሞተሩ እስከ ዛሬ በየአገሩ ሲሠራ፣ ሠሪው ግን በ55 ዓመቱ በባሕር ቀረ። ዕውቀትን ለሥራችን እንደምንሻው ሁሉ ለኑሮአችንም እንሻት።